የማንዳዚው ሳጥን ውሃ

ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ውስጥ ዓሣና ወፍ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ እየጎተተ አስገባኝ። ገና በሩን ሳልፍ ሽታው ያዘኝ፤ የረጠበ አሸዋ፣ የውሃ ሣርና ውሃ ውስጥ የከረመ ቅጠል ሽታ። ሰው ይህን ሽታ አይወደውም። እኔ ግን በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ፤ ልጄ ከኋላዬ «ማም፣ ሶጌያ፣ ጠጋ በይ፣ መንገዱን እኮ ዘጋሽው» እያለ በክርኑ ይገፋኛል።

ከመስታወት ገንዳዎቹ በአንዱ ውስጥ፣ ሣሩ ላይ፣ ሽሪምፕ ከሚሏቸው የውሃ ፍጥረቶች አንዲት የሩዝ ፍሬ የምታህል ተጋድማለች። እግሯም ጭራዋም አለ፤ ውስጧ ግን ባዶ ነው። ሻጩን ጠርቼ አንዷ ሞታብሃለች አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀብኝ። «ሃጃፋ፣ ማዳም» አለኝ፤ አልሞተችም። ሲያድጉ ቆዳቸው ስለሚጠባቸው እንደ ልብስ አውልቀው ይጥሉታል፣ ጤነኛ የመሆናቸው ምልክት ነው ብሎ የቆዳውን ባለቤት ከድንጋይ ሥር በጣቱ አሳየኝ። ደህና ነበረች።

እኛ ቤት ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። በሚያስፈልገን ሳምንት ግን እሱ ቤት አልነበረም።

ያኔ የምንኖረው ካሳራኒ ነው፤ ከቲካ ሮድ ገባ ብሎ፣ ውሃ ሲያሻው የሚመጣበት ሲያሻው የሚጠፋበት ፎቅ ላይ። ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ሁሉ ቢጫ መስመር እንዲቀቡ የታዘዙበት ዓመት ነበር። እኔ ስታንደርድ ፎር፣ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ከተማ ውስጥ አንድ ያበሻ ሬስቶራንት ወጥ ቤት ትሠራለች። አባቴ ሀገር ቤት የባዮሎጂ መምህር ነበር፤ ናይሮቢ ውስጥ ግን ሥራው መጠበቅ ነው። የሚጠብቀው ፕሮሰሱን ነበር፤ ስደተኛን ወደ ሦስተኛ ሀገር የሚወስደውን ጉዳይ። ትልልቆቹ ተሰብስበው ሲያወሩ «የእገሌ ፕሮሰስ መጣለት» ሲሉ እየሰማሁ፣ እኔ ፕሮሰስን ሻንጣ ይዞ በየቤቱ የሚዞር ሰው አድርጌ ነበር የማስበው። የእኛን ፎቅ መውጣት ደክሞት የቀረ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት አባቴ ከአልጋ መነሣት ተወ። አልታመመም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፣ በቃ። እናቴ ጠዋት ምግቡን ሸፍና ራስጌው አስቀምጣ ትሄዳለች፤ ማታ ስትመለስ እንደተሸፈነ ታገኘዋለች። እኔ ግድግዳው ላይ የሚያየው ነገር አለ ብዬ አምን ነበር። አንድ ቀን ሽንት ቤት ሲገባ ጠብቄ እሱ በተኛበት ተኛሁና እሱ ወደሚያይበት አየሁ። አንድ ስንጥቅና የተጨፈለቀች ትንኝ ነበረች። ሌላ ምንም። ያን ቀን የፈራሁት ፍርሃት እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

ከዚያ ጥርሴን አመመኝ። እናቴ ከሥራ መቅረት ስላልቻለች አባቴን አስገድዳ አስነሣችውና ፓርክላንድስ የሚገኝ ርካሽ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ወረፋው ረጅም ነበርና እስኪደርሰን አጠገቡ ካለው የዓሣ ሱቅ ገባን። ባለቀለሞቹ ዓሦች ጋ ተለጥፌ ዞር ስል አባቴ ጥግ ላይ ካለ አንድ ቆሻሻ መስታወት ፊት ተንበርክኳል። ውስጡ ቀለም የሌላቸው፣ አንጀታቸው በውጭ የሚታይ ትንንሽ ሽሪምፖች ነበሩ። ባለሱቁ ሽማግሌ ሕንድ ነው፤ እነዚህን የሚገዛ የለም፣ ለትልልቅ ዓሦች ቀለብ ናቸው አለው። አባቴ ጥያቄ ጀመረ። ምን ይበላሉ፣ ስንት ጊዜ ውሃ ይለወጥላቸዋል፣ ብርድ ይችላሉ ወይ፣ ያለ ማሽን ይኖራሉ ወይ። ድምፁን እንዲህ ሳይቋረጥ ከሰማሁ ወራት አልፎ ነበር። ጥርሴ መነቀሉን እንኳን ልብ አላልኩትም። በማታቱ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አወራኝ፤ እነሱ ቆሻሻ እየበሉ ውሃ እንደሚያጠሩ፣ ሰው የሚጥለውን እንደሚያነሡ። ጉንጬ በጥጥ ስለታጨቀ መመለስ አልቻልኩም እንጂ ብዙ የምጠይቀው ነበረኝ።

ሳጥኑን ያገኘው ከፎቃችን በታች ካለች ኪዮስክ ነው። ባለቤቷ ማንዳዚ፣ በዘይት የተጠበሰ ዳቦ፣ የምትደረድርበት የመስታወት ሳጥን አንድ ጎኑ ተሰብሮባት ጥላው ነበር። አባቴ ለመንገድ ዳር መስታወት ቆራጭ ወስዶ አስጠገነው፤ መገጣጠሚያውን በሲሊኮን አስደፈነው። የከረመ ዘይት ይሸት ስለነበር በጨውና በሎሚ ደጋግሞ አጠበው፤ ሳሙና ግን ሊያስነካው አልፈቀደም። አሸዋውን ፎቅ ከሚሠራበት ለምኖ አመጣና በእናቴ ወንፊት ነፋው። እናቴ ወንፊቷን ስታይ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። ሣሩን መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡ ሰዎች ገንዳ፣ የዘይቱን ዛፍ ቅጠል ከትምህርት ቤታችን ግቢ አመጣን፤ ቅጠሉን የምለቅመው እኔ ነበርኩ፣ ደርቆ የወደቀውን ብቻ።

እናቴ በመጀመሪያ አልወደደችውም። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ነገር ርኩስ ነው፣ ቤቴ አይገባም አለች። አባቴ አንበላቸውም እኮ አላት። «የማይበላ ከሆነማ ጭራሽ ምን ያደርጋል?» ብላ ሳቀች፣ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። «አንበጣህን እዚያው ጥግህ ላይ አድርግ» አለችው። ኋላ ወጥ ቤት ስገባ ግን ሽንኩርት እየከተፈች ዓይኗን በክንዷ ትጠርጋለች። ሽንኩርቱ ነው ብዬ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ቀስ ብላ፣ «ተነሥቷል እኮ። ዝም በይ፣ አትናገሪው፣ ተነሥቷል» አለችኝ።

ሣሩ እየተንሳፈፈ ሲያስቸግረው አንድ ቀን ራሷ ልትረዳው መጣች። ከሙቀጫዋ ጋር ያለውን ትንሽ የነሐስ ዘነዘና ይዛ፣ ይሄ ከባድ ነው፣ በዚህ አስረው አለችው። አባቴ ተቀብሎ በእጁ መዘነው፣ ገለባበጠው፣ መለሰላት። «አይ፣ ድንጋይ ይሻላል» አላት። ምክንያቱን አልተናገረም፤ ደብተራ ፊት እንደቆመ ተማሪ ነገር ማስረዳት የሚደክመው ሰው ሆኖ ነበር። እናቴ ፊቷ ጥቁር ብሎ ዘነዘናዋን ይዛ ተመለሰች። እኔ ነጭ ሽንኩርት ስለሚሸት ነው ብዬ ነበር። ሮጬ ወጥ ቤት ገብቼ ዘነዘናውን በሳሙና አጠብኩላት።

ከዚያ ሳጥኑ ተሞላ። ሽሪምፖቹ ግን አልመጡም። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ስላለው በጄሪካን ክፍት ሆኖ ካደረ በኋላ ነው የገባው፤ ከገባ በኋላም አባቴ ውሃው መብሰል አለበት፣ የሚያጠሩት ጥቃቅን ነፍሳት ይርቡበት ብሎ ሳምንታት ባዶውን አስቀመጠው። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ውስጡ ሣር፣ ድንጋይና ቡናማ ቅጠል እንጂ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። የጎረቤት ልጆች አባትሽ ምን ያያል ሲሉኝ ውሃ አልኩ፤ ስቀው ሊሞቱ። እኔም አበደ ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ግን መጠበቅን ያን ጊዜ ያህል ሲወደው አይቼው አላውቅም። ይህኛው መጠበቅ ማለቂያው በእሱ እጅ ነበር።

መጡ። በላስቲክ ከረጢት፣ እፍኝ የማይሞሉ። ከረጢቱን ሳጥኑ ላይ አንሳፎ የኛን ውሃ በማንኪያ ጠብ እያደረገ ቀኑን ሙሉ አለማመዳቸው። ሲለቃቸው ጠፉ። ቀለም ስለሌላቸው የሚታዩት ሲንቀሳቀሱ ብቻ ነው። ማየት ልምድ ይፈልጋል፣ አትቸኩይ አለኝ። ቀስ በቀስ ታዩኝ፤ በፊት እጆቻቸው ቅጠሉን ለቀም ለቀም እያደረጉ ወደ አፋቸው ይከታሉ፤ ለአፍታ አያርፉም።

አባቴ ጢሙን መላጨት ጀመረ። ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ይነሣል። ሱኩማ የሚሉትን ጎመን ያለ ጨው ይቀቅልላቸውና ጥፍር የምታህል ቁራጭ ይሰጣቸዋል፤ የተረፈውን ያወጣል። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ፣ ቤታቸው መሆኑን ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አሰበና፣ «ከወለዱ አውቀውታል ማለት ነው። ፍጥረት ሳይረጋጋ አይወልድም» አለኝ። እኔ የተወለድኩት የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ስለሆነ ነገሩን ብዙ አሰብኩበት። ግን አልጠየቅሁትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ሽሪምፖቹ ከወለዱ አባቴ ከእንግዲህ አይተኛም።

አንዷ እንቁላል ያዘች። ሆዷ ሥር፣ በእግሮቿ መሃል፣ ከአሸዋ የማይበልጡ አረንጓዴ ፍሬዎች ተሸክማ በጭራዋ ታራግባቸዋለች። አባቴ እናቴን ከወጥ ቤት ጠራት። እምቢ እያለች መጣች፣ ጎንበስ አለች፣ ቆየች። «ነፍሰ ጡር ናት?» አለች። አንበጣ የሚለው ስም ከዚያ ቀን በኋላ ቀረ። ሱኩማ ከገበያ ስታመጣ ለጋውን ቅጠል ለይታ ማስቀመጥ ጀመረች፤ ለማን እንደሆነ አትናገርም።

ይህ በሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስልክ መጣ። ፕሮሰስ ያላቸው ሁሉ ካምፕ ሄደው በአካል መታየት አለባቸው፤ ያልታየ ፋይሉ ይዘጋል። ካምፑ ሰሜን ጫፍ ነው፤ ሄዶ፣ ተሰልፎ ለመመለስ ሳምንትም አይበቃም። አባቴ ልብሱን ሲያዘጋጅ ዓይኑ ሳጥኑ ላይ ነበር። እናቴን አስቀምጦ ነገራት። እጅሽ ሳሙና ከነካው አታስገቢ፣ የትንኝ መግደያ እዚህ ክፍል እንዳይነፋ፣ ውሃ ሲጎድል ካደረው ጨምሪ፣ ምግብ አታብዢ። መዳብ የሚባል ነገር አላነሣም። በምን አስቦት ያነሣዋል። «አደራ» አላት በመጨረሻ። እናቴም ወደ ሽሪምፖቹ ሳይሆን ወደ እሱ እያየች፣ «እኔ እያለሁ አንዳቸውም አይነኩብህም፣ ሂድ በሰላም» አለችው።

በሄደ በማግስቱ አሸዋው ላይ አንድ ቀፎ አገኘን። እግሯ አለ፣ ጭራዋ አለ፣ ውስጧ ባዶ። ቀጥሎ ሌላ። እናቴ በማንኪያ እያወጣች ስኒ ማስቀመጫ ላይ ደረደረቻቸው። አንድ ነገር ውስጣቸውን እየበላው ነው አለች። የቀሩትን ልንቆጥር ሞከርን፤ ተደብቀው ስለነበር ጥቂቶች ብቻ ታዩን። እኔ ያለቁ መስሎኝ አለቀስኩ። እናቴ ግን አላለቀሰችም። «መጥቶ ይህን ካየ አይነሣም ከእንግዲህ» አለች፤ ለእኔ አይደለም፣ ለራሷ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዛ ተመለሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ ሳጥኑ ፊት ቆመችና ጥቂት ጠብ አደረገችበት። ከዚያ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። እናቴ ማተቧን ስታወልቅ አይቻት አላውቅም፤ ስትታጠብም ስትተኛም አብሯት ነው። ጥቁሩን ክር ከነመስቀሉ ፈታችው። መስቀሉ ከእናቷ የወረደ የመዳብ መስቀል ነው፣ ከመታሸቱ ብዛት ጠርዙ የለሰለሰ። «አንቺን ስወልድ በአንገቴ ነበር፤ በዚያ በረሃ፣ ያለ ሐኪም። አንቺን ያወጣሽ እሷንም ያውጣት» አለችኝ። በስመ አብ ብላ ውሃው ውስጥ አወረደችው። እንቁላል የያዘችው ከምትደበቅበት ድንጋይ አጠገብ አረፈ። እኔ እፎይ አልኩ። ያን ሌሊት ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ከዚያ በእውነት መሞት ጀመሩ። ይህኛው እንደ በፊቱ አልነበረም። ባዶ ቀፎ አይደለም፤ ሰውነታቸው እንደ ወተት ነጥቶ፣ በጎናቸው ወድቀው፣ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ። እናቴ በሞቱ ቁጥር ጸሎቱን አበዛችው። ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ እየቆመች ውዳሴ ትደግማለች። መስቀሉን አላወጣችውም፤ በዚህ ጊዜ ማን ያወጣዋል። በመጨረሻ የሞተችው እንቁላሏን የተሸከመችው ናት። ሞታም ፍሬዎቹን አልጣለቻቸውም።

አባቴ ሲመለስ ጫማው በአቧራ ነጭ ሆኖ ነበር። እንዴት ሆነልህ አላልነውም፤ እሱም አላለንም። ተሰልፎ ተሰልፎ ሲደርሰው ፋይልህ የለም እንደተባለ የሰማሁት ኋላ ነው። ከረጢቱን በሩ ላይ ጣለና በቀጥታ ወደ ሳጥኑ ሄደ።

እናቴ ከኋላው ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «አደራህን በላሁ» አለች። «መስቀሌን እንኳን አስገባሁላቸው። እሱም አላተረፋቸውም።»

አባቴ እጅጌውን ሰበሰበና እጁን ውሃው ውስጥ ከተተ። በክሩ ይዞ መስቀሉን አወጣው። መዳፉ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው፤ ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ አረንጓዴ ነገር ይዟል። ዓይኑ ወደ ስኒ ማስቀመጫው ሄደ፣ በተርታ ወደተደረደሩት ባዶ ቀፎዎች። አንዱን በጣቱ ነካው። እግዚአብሔርን ተቆጣ ብዬ ፈራሁ፤ መስቀሉን በመስኮት የሚወረውረው መሰለኝ።

«ክሎሪኑ ነው» አለ። «ሰሞኑን ከተማው ውሃው ላይ መድኃኒት አብዝቷል፤ በመንገድ ሰምቻለሁ። ቢያድርም አይለቅም። አንቺ ባትኖሪ ከዚያም ቀድመው ይሞቱ ነበር።»

ወጥ ቤት ገብቶ መስቀሉን በንጹሕ ውሃ አጠበ፣ በሸሚዙ ጫፍ አደረቀና መጥቶ አንገቷ ላይ አሰረላት። ቋጠሮው እምቢ አለው፤ ደጋግሞ ሞከረ። ከዚያ ጫማውን አወለቀ፣ አልጋው ላይ ወጣ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ዕድሜ ሰጥቶት ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። የኖረው ግን ተኝቶ ነው። ሳጥኑን እናቴ አድርቃ ሽንኩርት ማስቀመጫ አደረገችው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከዓሦቹ ሁሉ ሽሪምፖቹን መረጠ። ሻጩ ውሃ የሚያሳድርበትን፣ የሚመግብበትን እየነገረው ቆይቶ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ። አንድ ነገር ብቻ አትርሺ አለኝ፤ ኮፐር አይንካቸው። መዳብም፣ ነሐስም፣ ሳንቲምም ቢሆን ውሃው ውስጥ እንዳይገባ፤ ሌላውን ይችሉታል፣ እሱ ግን አንዳቸውንም አያስተርፍም። እንደ ቀላል ነገር ነው የነገረኝ። እኔ የታየኝ ዘነዘናው ነው፤ አባቴ በእጁ መዝኖ የመለሰው። «አይ፣ ድንጋይ ይሻላል።» ያውቅ ነበር። መስቀሉን ከውሃ ሲያወጣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አውቋል፤ እያደጉ እንደነበርና ማን እንደገደላቸው። አውቆ ነው ቋጠሮውን ያሰረላት።

ልጄን ሌላ ቀን ብዬ እጁን ይዤ ወጣሁ። ቤት ስንደርስ ግን አፉ መች ያርፋል፤ የአያቱ ጉልበት ላይ ወጥቶ ሽሪምፕ ልንገዛ ነው አላት። እናቴ አርጅታለች፣ ዓይኗም ደክሟል። እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ክሩን መፍታት ጀመረች።

«ይሄን ከመጀመሪያው ቀን አስገቡበት» አለችው። «እኔ ያኔ ዘግይቼ ነው ያስገባሁት። ቀድሜ ባስገባው ኖሮ አያትህ ይነሣ ነበር።»

አጠገቧ ተንበረከክሁ። ክሩን ከጣቷ ተቀብዬ መልሼ አሰርኩላት፤ ቋጠሮው እኔንም እምቢ አለኝ።

«አይደለም እማዬ» አልኳት። «ውሃው ነው። አባዬ ነግሮሽ የለ።»